ያወቁት ሽቦ

ነገሩን ከጉባ ልጀምርላችሁ። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያመነጭ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለው ውኃው ላይና 375 ሜጋ ዋት በምታመነጨው ተርባይን ላይ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅም እንዲሁ፤ የተወራው ስለ 5,150 ሜጋ ዋቱ፣ ስለ ግድቡ ቁመት፣ ስለ ሐይቁ ስፋት ነው። ደግሞስ ለምን አይወራ፤ ስንት ዘመን የተጠበቀ ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ ዓይናችሁን ከውኃው ላይ አንሥታችሁ ወደ ሽቦው እንድታዩልኝ ነው የምለምናችሁ።

ኃይል በእግሩ አይሄድም። ከጉባ የተነሣው 500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ በኩል አድርጎ እስከ ሆለታ ይዘልቃል፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሌላ 400 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ ወደ በለስ ያቀናል፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ማመንጫ ወዳለበት። በአሶሳ በኩልም ከወለጋ በመንዲ አድርጎ የገባ መስመር አለ። ከነዚህ ከትልልቆቹ ሥር ደግሞ ትንንሾቹ አሉ፦ 33 ኪሎ ቮልት፣ 15 ኪሎ ቮልት እየተባሉ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ተወጥረው ወደ ቀበሌው፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ውኃ ፓምፑ የሚሄዱት። የቴሌ ማማዎችም አሉ፤ አንዳንዶቹ በየጎናቸው በሽቦ ተወጥረው የሚቆሙ ናቸው።

ይህ የቤንሻንጉል ጉሙዝ ምድር የትናንቱ ምድር አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ረኃብ ያፈናቀለው ሰው ከወሎና ከሌላም ቦታ ተጭኖ መተከል ፓዌ ሲወርድ፣ የጠበቀው ቀርከሃና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ነው። ጣሊያኖች የጣና በለስን ፕሮጀክት ይዘው ሲመጡ፣ ጫካው ተመንጥሮ ሰፊ እርሻ ሲታረስ፣ አብራሪ ዝቅ ብሎ ቢያልፍ የሚፈራው ዛፍና ኮረብታ ነበር። ዛሬ በዚያው ሰማይ ላይ ሽቦ አለ። ደግሞም ይብዛ እንላለን፤ በጨለማ የኖረ ሰው መብራት ሲያገኝ ደስ የማይለው የለም። ብቻ ሽቦው በበዛ ቁጥር ለአንድ ዓይነት ሠራተኛ ሞት ወደ ምድር ይቀርባል። እሱም ዝቅ ብሎ የሚበር አብራሪ ነው።

ዝቅ ብሎ የሚበረው ማነው ትሉኝ ይሆናል። መንገደኛ ጭኖ ወደ አሶሳ የሚመጣው አውሮፕላን አይደለም፤ እሱ በሺዎች ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እኔ የምላችሁ አብራሪ ሥራው ያለው ከሰብሉ ጫፍ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ነው። በአውሮፕላን ወይም በሄሊኮፕተር የተባይ መድኃኒት ይረጫል። ከዚያ ከፍ ካለ መድኃኒቱን ነፋስ ይወስድበታል፤ ወደ ጎረቤት ማሳ፣ ወደ ቀፎ፣ ወደ ወንዝ። ስለዚህ ዝቅ ማለቱ ድፍረት አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው።

በአገራችን ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። የአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች በአውሮፕላን ሲረጩ ኖረዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1979 ዓ.ም. አካባቢ «እሸት» የተባለች የእርሻ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ይገጣጥም ነበር፤ አግካት ከተባለችው የአሜሪካኖች አውሮፕላን በፈቃድ የተወሰደች፣ ድርብ ክንፍ ያላት። የራሱን የእርሻ አውሮፕላን የገጣጠመ አገር ነን፤ ይህን ብዙ ወጣት አያውቀውም፣ ሊያውቀው ግን ይገባል። ከዚያም በፊት በ1962 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ ቁጥጥር ድርጅት አለ። አውሮፕላኖቹ አንበጣውን፣ ተምቹን፣ ግሪሳውን ሲያሳድዱ ነው የኖሩት።

ግሪሳን ታውቁታላችሁ። ማሽላ የዘራ ሁሉ ያውቀዋል። ትንሽ ወፍ ናት፤ ስትመጣ ግን አንድ ሆና አትመጣም፤ ሰማዩን ታጠቁረዋለች። ይህቺን ወፍ በአውሮፕላን የሚመቷት በምታድርበት ስፍራ ነው፤ ወፉ ሁሉ ተሰብስቦ ሲገባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። እንግዲህ አስቡት፦ ብርሃን እየሸሸ፣ ፀሐይ ከአድማስ ጋር እየተካከለች ዓይን ስትወጋ፣ አብራሪው ከዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ሽቦ ይፈልጋል።

አንበጣውም የባሰ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የጀመረው ወረራ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የምሥራቁንና የሰሜኑን ገበሬ ምን እንዳደረገው አንረሳውም፤ በ25 ዓመት ያልታየ ነው የተባለው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይመጣ የነበረ የአየር መንገዳችን መንገደኛ አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ ውስጥ ገብቶ፣ መስታወቱ በአንበጣ ተለውሶ፣ መጥረጊያውም አላጠራ ብሎት፣ ድሬዳዋ ሳያርፍ ወደ አዲስ አበባ ዞሯል። ያ ከፍታ ላይ ነው፤ ዞሮ የሚሄድበት ሰማይ ነበረው። መንጋውን ለመርጨት ዝቅ ብሎ የገባው አብራሪ መስታወቱ እንዲያ ሲለወስ ወዴት ይዞራል? ፊቱ ያለውን ሽቦ በምን ያየዋል?

ሽቦ አይታይም ስል ማጋነን እንዳይመስላችሁ። የሰው ዓይን ቀጭን ነገርን ከሩቅ ለይቶ የማየት አቅሙ ትንሽ ነው። አዲስ ሽቦ ሲወጠር ያብለጨልጫል፤ ዓመታት ሲያልፉበት ግን ዝናቡና ፀሐዩ ያደበዝዙታል፣ ከደረቀ ሣርና ከሰማይ ጋር ይመሳሰላል። በነጭ ነጠላ ላይ ነጭ ክር የመፈለግ ያህል ነው። ፀሐይ በጀርባህ ሆና ያየኸው ሽቦ፣ ዞረህ ስትመለስ ፀሐይ ፊትህ ስትሆን ይጠፋል፤ ሽቦው ግን እዚያው ነው።

ቆላው ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ከኅዳር ጀምሮ በቤንሻንጉል ምድር ሣሩ ሲደርቅ እሳት ይለቀቃል። ለአደን ይሁን ለግጦሽ፣ ለማሳ ማጽዳት ይሁን፣ ሲነድ ይከርማል። ጭሱ በጠዋት ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ፣ ወደ መንጌ፣ ወደ ኩርሙክ የሄደ ሰው ያን ጉም የሚመስል ጭስ ያውቀዋል። በዚያ ውስጥ ምሰሶ እንኳ ጥላ ነው የሚሆነው፤ ሽቦማ ከነአካቴው የለም። የእንጨት ምሰሶን እግር እሳት ሊበላው ይችላል፤ ምሰሶው ሲያዘነብል ሽቦው ይረግባል፤ ትናንት ከራስ በላይ የነበረው ዛሬ ፊት ለፊት ነው። ሙቀቱም አለ። ኩርሙክን በመሰለ ሞቃት ቆላ አየሩ ስለሚሳሳ፣ መድኃኒት የሞላ ታንከር የተሸከመ ሄሊኮፕተር አየሩ ቀዝቀዝ ሲል እንደሚዘለው ፈጥኖ ሽቅብ አይዘልም። «ሳየው ከፍ እላለሁ» የሚለው አብራሪ፣ ማሽኑ ከፍ ለማለት ጊዜ ይጠይቀዋል።

ጊዜው ስንት ነው? እስቲ እንቁጠረው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ሄሊኮፕተር በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። ዓይን እስኪያይ፣ አእምሮ «ሽቦ ነው» እስኪል፣ እጅ እስኪታዘዝ፣ ማሽኑም ለእጅ እስኪታዘዝ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢወስድ፣ ከ55 እስከ 85 ሜትር አልፏል። ከዚህ ቀርቦ የታየ ሽቦ እንዳልታየ ነው።

ሽቦው ሄሊኮፕተርን ሲያገኘው የሚያደርገውን በዝርዝር አልነግራችሁም፤ ትንሽ ብቻ ልበል። ከላይ የሚሽከረከረውን ክንፍ ወይም የጭራውን ክንፍ ሊመታው ይችላል። ወይም ክንፉን በሚቆጣጠሩት ዘንጎች ላይ ይጠመጠማል። እግሩን ከያዘው ደግሞ ማሽኑን ወደ ፊት ይደፋዋል። መሬቱ ሦስት ሜትር ሥር ነው። ለማረም የሚሆን ከፍታ የለም።

ስለዚህ አብራሪዎች ሽቦ ፈልጉ ተብለው አይደለም የሚሠለጥኑት። የሽቦውን ምልክት ፈልጉ ነው የሚባሉት። ምሰሶ ይታያል፣ ከምሰሶው ላይ ያለው አግዳሚ ይታያል፣ ሽቦው የሚታሰርበት ሲኒ ይታያል፣ ትራንስፎርመር ይታያል። የሲኒው አቀማመጥ ሽቦው ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። አንድ ምሰሶ ብቻውን ቆሞ ሁለተኛው ካልታየህ፣ ሁለተኛው የለም ማለት አይደለም፤ ከሸለቆው ማዶ ነው፣ ሽቦውም በመካከል ነው። ቆርቆሮ ቤት ካየህ ወደ ቤቱ የሚገባ ሽቦ አለ በል። መንገድ ካየህ ከመንገዱ ጎን አለ በል። ፓምፕ ካየህ ያለ ጥርጥር አለ። የግድ መሻገር ካለብህ ደግሞ በምሰሶው ወይም በማማው አናት ላይ አድርገህ ተሻገር፤ እሱ ይታያልና፣ ከእሱ የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ሽቦ የለምና።

በትልልቆቹ ማማዎች ላይ አንድ ተንኮለኛ ነገር አለ፤ ይህን ልብ አድርጉልኝ። ኃይሉን የሚሸከሙት ሽቦዎች ወፍራም ናቸው፣ ጥቅል ጥቅል ሆነው ነው የሚሄዱት፣ ከሩቅም ይታያሉ። ከእነሱ በላይ ግን፣ ከማማው ጫፍ ወደ ማማው ጫፍ፣ መስመሩን ከመብረቅ የሚጠብቅ ቀጭን ሽቦ አለ። አብራሪው ወፍራሞቹን ያያል፣ «አየኋቸው» ይላል፣ ከነሱ በላይ ልለፍ ብሎ ማሽኑን ያነሣል፤ ቀጭኑ ከላይ ይጠብቀዋል። ያየው ነው ወዳላየው የመራው።

አሁን የታሪኩ እምብርት ላይ ደረስን። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው፣ «እንግዲህ ሰዎቹ የሚሞቱት ያላዩትን ሽቦ መትተው ነው» ይላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ስለ እርሻ በረራና ስለ ሽቦ አንድ ጽሑፍ አውጥቷል፤ ርእሱ ራሱ የታወቁ ሽቦዎችን ስለመምታት ነው። አውስትራሊያ እርሻው ሰፊ፣ በአየር የሚረጨውም ብዙ ነውና እዚያ በየጊዜው የደረሰውን አደጋ እየመረመሩ ይመዘግባሉ። ያገኙት ምንድነው? ሽቦ ከመቱት አብራሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት፣ ከ100 ከ60 በላይ የሚሆኑት፣ ሽቦው እዚያ እንዳለ ቀድመው ያውቁ ነበር። ጠዋት አይተውታል። ተነግሯቸዋል። አንዳንዱ በዚያው ሥራ ላይ ደጋግሞ በላዩ አልፏል። ከዚያ መታው።

እናንተ፣ እንዴት ይሆናል? ሰው ያየውን ገደል ይገባል?

ይገባል። አብራሪው ማሳውን በሰልፍ በሰልፍ ነው የሚረጨው፤ ሄዶ ዞሮ፣ ሄዶ ዞሮ። በአሥረኛው ዙር ላይ አእምሮው ሽቦውን አይደለም የሚያስበው። ከመርጫዎቹ አንዱ ተደፍኗል፤ እሱን ያስባል። ነፋሱ ተቀይሯል፤ መድኃኒቱ ወዴት እየሄደ ነው ይላል። ታንከሩ ሊያልቅ ነው። በሬዲዮ ይጠሩታል። ከማሳው ዳር ሰው ወጣ፣ ልጅ ነው፣ ከብት እየነዳ ነው፣ መድኃኒቱ ልጁ ላይ እንዳይፈስ ይሥጋል። ልቡ ደግ ስለሆነ ዓይኑ ልጁ ላይ ሆነ። ሽቦው ከአእምሮው ወጣ። ለሦስት ሰከንድ ብቻ ነው የወጣው፤ ሦስት ሰከንድ ስንት ሜትር እንደሆነ ቆጥረናል።

ወይም ሥራው አልቋል። ማሳው በሙሉ ተረጭቷል፣ አንዲት ማዕዘን ብቻ ቀረች። ቀኑን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ ሲሠራ የነበረ ሰው፣ ያቺን ማዕዘን ለማጽዳት በሌላ አቅጣጫ ይገባል። ሽቦውን ያጠናው በዚያኛው አቅጣጫ ነው። በዚህኛው አያውቀውም። መታከቱም አለ፤ «ይቺን ብቻ ጨርሼ» የሚል ችኮላም አለ። በሙያው ያረጁ ሰዎች ስለዚህች ስለ መጨረሻዋ ዙር ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ።

ለዚህ ነው ሽቦን የማየት ጉዳይ ብቻ አድርጎ የሚያስብ ሰው ነገሩን ከግማሽ በታች ነው የያዘው የምለው። ሽቦን ማወቅ አንድ ነው፤ ያወቁትን በየዙሩ ማስታወስ ሌላ ነው። ማስታወሱን ደግሞ ለአብራሪው ጭንቅላት ብቻ ጥሎ መሄድ ግፍ ነው። አንድ ጭንቅላት ነው ያለው፤ እጁም እግሩም ዓይኑም ሥራ ላይ ነው።

ማወቁም ቢሆን ካርታ ላይ ከሌለ ከየት ይመጣል? ይህን ስል የጣሊያኗ ካቫሌዜ ትዝ ትለኛለች። ጥር 26 ቀን 1990 ዓ.ም. የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ጀት በዚያች ተራራማ ከተማ አጠገብ ከተፈቀደለት እጅግ ዝቅ ብሎ ሲበር፣ ሰዎችን ወደ ተራራው የሚያወጣውን የገመድ መኪና ሽቦ በጠሰ። በገመዱ በተንጠለጠለው ሣጥን ውስጥ የነበሩት 20 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ጀቱ ተጎድቶ ቢሆንም ወደ ሰፈሩ ተመልሶ አረፈ። እርሻ አልነበረም፣ ሄሊኮፕተርም አልነበረም፤ አብራሪዎቹም ያን ያህል ዝቅ የማለት ፈቃድ አልነበራቸውም፤ ጥፋታቸውን አልሸፍንም። ግን አንድ ነገር አለ፦ አብራሪዎቹ በያዙት የአሜሪካኖች ካርታ ላይ ያ ሽቦ አልተሣለም ነበር። በጣሊያኖቹ ካርታ ላይ ነበረ። የካቫሌዜ ሕፃን ልጅ ሳይቀር በየቀኑ የሚያየው፣ የሚሳፈርበት ሽቦ ነው። ምድሩ ያውቀው ነበር፤ ሰማዩ አያውቀውም ነበር።

አብራሪው ከሽቦ የሚጠብቀው መሣሪያስ የለውም ወይ? አለው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ብሪስቶል ኤሮስፔስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ለሄሊኮፕተር ሽቦ መቁረጫ ሠራ፦ አንድ ስለት ከጣሪያው ላይ፣ አንድ ከሆዱ ሥር፤ በመስታወቱ መካከል ደግሞ ሽቦውን እየመራ ወደ ስለቱ የሚያስገባ ብረት። ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ለእርሻ የሚሠራ ሄሊኮፕተር ሁሉ ቢኖረው እመኛለሁ። ይሁን እንጂ የሚቆርጠው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ገመድ ነው፤ ያውም ማሽኑ በቂ ፍጥነት ሲኖረው፣ ሽቦውም ፊት ለፊት ሲገጥመው። የጭራውን ክንፍ የመታ ሽቦ ስለት አያውቅም። ከጉባ የሚመጣው ባለ 500 ኪሎ ቮልቱ ወፍራም ሽቦም በዚያ ስለት የሚቆረጥ አይደለም።

ሌላው ምልክት ነው። ወንዝ ወይም ሸለቆ ወይም አውራ ጎዳና በሚያቋርጥ ሽቦ ላይ፣ ለበረራ አደጋ የሚሆን ከሆነ፣ ቀይ ወይም ብርቱካንማ፣ ከነጭ ጋር እየተፈራረቀ የሚንጠለጠል ኳስ አለ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ የኳሱ አግድም ስፋት ከ60 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ይላል። ኳስ የተሰቀለበት ሽቦ ከሩቅ ይታያል። ግን ይህ ለትልልቁ መሻገሪያ ነው። በማሽላና በአኩሪ አተር ማሳ መካከል በባሕር ዛፍ ምሰሶ ለሚያልፈው፣ ለዚያ ለ15 ኪሎ ቮልቱ፣ ማን ኳስ ይሰቅልለታል? እኔ የምፈራው እሱን ነው። ትልቁ መስመር ማማው ራሱ ይጮሃል። ትንሹ ዝም ብሎ በሰብሉ ላይ ያልፋል።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ልሣልላችሁ። ሰውየውን ከልቤ ነው ያመጣሁት፤ ስም አልሰጠውም። ቦታው ባምባሲና አሶሳ መካከል ካሉት ማሳዎች አንዱ ይሁን፤ ሰብሉ አኩሪ አተር፤ ወሩ መስከረም፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ። ሄሊኮፕተሩ ከማሳው ዳር ቆሟል። አብራሪው መድኃኒት ከማስሞላቱ በፊት በእግሩ ወጥቷል። የእርሻው ባለሙያ ካርታ ዘርግቶለታል። እሱ ግን ካርታውን ትቶ ከማንጎው ዛፍ ሥር ወደ ተቀመጡት አዛውንት ነው የሄደው።

«እንዴት አደሩ አባቴ?»

«እግዜር ይመስገን። አንተ እንዴት አደርክ ልጄ?»

«ደኅና። አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚህ ማሳ ላይ ሽቦ አለ?»

አዛውንቱ በከዘራቸው ያሳያሉ። «ያ ምሰሶ አይታይህም? ከመንገዱ ገብቶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይሄዳል።»

«እሱን ካርታው ላይ አይቼዋለሁ። ሌላስ?»

«ሌላ... እ፣ ከዛፎቹ ወዲያ ፓምፕ አለ። ለፓምፑ ከወፍጮ ቤቱ አሳልፈው ሽቦ ወስደዋል፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው። ምሰሶው ዛፍ ውስጥ ስለሆነ አይታይም። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ተጭኖት ረግቧል፤ እኔ ራሴ ከሥሩ ሳልፍ ጎንበስ እላለሁ።»

ባለሙያው ካርታውን ያያል። የለም። ካርታው ሲሣል ፓምፑ አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና የሚሰማኝን ልንገራችሁ። የእኚህ አባት አንድ አረፍተ ነገር በዚያን ጠዋት ከስለቱም ከኳሱም በላይ ናት። ሆኖም እንዲህ ያለ ሰው ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ለአውሮፕላን ሰው ስለ አውሮፕላን የሚነግረው ነገር ያለው አይመስለውም። «እነሱ ተምረዋል፤ ያውቁታል» ይላል። ስለዚህ መጠየቁ የአብራሪው ግዴታ ነው። ከዚያም አልፎ መሆን አለበት። መስመር የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት፣ ማሳ የሚያስረጨው ባለሀብት ወይም የግብርና ቢሮ፣ በረራውን የሚቆጣጠረው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ እነዚህ ሦስቱ አንድ ካርታ ላይ መገናኘት አለባቸው። አዲስ ምሰሶ በተተከለ ቁጥር ካርታው ላይ ይግባ። ያረጀና የተቋረጠ መስመርም ይግባ፤ ኃይል የሌለው ሽቦም ይገድላልና። ቤንሻንጉል ጉሙዝ ይህን ለማድረግ የተሻለ ጊዜ ላይ ነው፤ ሽቦው ገና እየተዘረጋ ያለበት፣ እርሻውም ገና እየሰፋ ያለበት ምድር ነው። ሌላ አገር ቀድሞ በሰው ነፍስ የተማረውን እኛ በወረቀትና በእርሳስ ልንማረው እንችላለን፤ ይህ ዕድል ነው፣ ዕድልም አይቆይም።

ወደ ጠዋታችን እንመለስ። አብራሪው ከአዛውንቱ ጋር በእግሩ ወደ ፓምፑ ሄደ። ሽቦውን ከሥሩ ቆሞ አየው፤ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው በዓይኑ ተከተለው። ከዚያም ተነሥቶ፣ ባዶ ታንከር ይዞ፣ ከፍ ብሎ ማሳውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ አንዴ ፀሐይ በጀርባው፣ አንዴ ፀሐይ በፊቱ። ፓምፑ ጋ ያለው ሽቦ በሁለቱም አልታየውም። ከሥሩ ቆሞ ያየው ሽቦ ከላይ አልነበረም።

አረፈና ከባለሙያው ጋር ተነጋገረ። ሰልፉን ከሽቦው ጎን ለጎን እንዲሆን አደረገው፣ እንዳያቋርጠው። በሬዲዮ የሚያወራውን ሰው ዛፎቹ ጋ እንዲቆም ነገረው፤ «ሄሊኮፕተሩ ወደዚህ በዞረ ቁጥር ‹ሽቦ› በለኝ፤ ባውቀውም በለኝ፣ ብሰለችም በለኝ፤ ሌላ ወሬ ካለህ ከፍ ስል ንገረኝ።» ልጆችና ከብቶች ከማሳው ዳር እንዲርቁ አስቀድሞ አስነገረ፤ በኋላ ዓይኑን እንዳይወስዱበት።

«ያቺ ከፓምፑ ጋ ያለችው ማዕዘንስ?» አለ ባለሙያው። «ተባዩ የጀመረው ከዚያ ነው፤ እሷ ካልተረጨች ዞሮ ይመጣል።»

አብራሪው አልተከራከረም። «እውነትህን ነው፤ ትረጫለች፤ እኔ ግን አልረጫትም። በጀርባ የሚረጩ ሠራተኞች አሉህ?»

«አሉ፤ አራት ናቸው።»

«የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም ጓንትም ስጣቸው፤ እኔ ስጨርስ ነፋሱ መድኃኒቱን ወደ እነሱ እንዳይመልስባቸው ሆነው ይግቡ። ከፓምፑ ምሰሶ ወዲህ 60 እርምጃ ቁጠርና ነጭ ጨርቅ በእንጨት አስተክልልኝ። ከጨርቁ ወዲያ የእነሱ ነው።»

ባለሙያው እርምጃውን ሊቆጥር ሄደ። አዛውንቱ ተከትለውት እየሄዱ፣ ምሰሶው ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠር በከዘራቸው ያሳዩታል።